«በጉ ወደ ገጠር ተመለሰ» ለተባለች ልጅ ምን እንመልስላት?

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወንዱ ገና ሁለት ሊሞላው ነው። ለእንቁጣጣሽ ባለቤቴ በግ የገዛው ከበዓሉ አምስት ቀን አስቀድሞ ነበር። ትምህርት ስላልተጀመረ ልጄ ከግቢ ሳትወጣ ስትመግበውና ስታጠጣው ሰነበተች፤ «ድንቡሼ» የሚል ስምም አወጣችለት። በዋዜማው አክስቷ ዘንድ እንድታድር አደረግን። ስትመለስ «ድንቡሼ ገጠር ወደ እናቱ ተመለሰ» አልኳት። አመነችኝ፤ ምሳ ላይም ጥብሱን በላች። ከሰዓት በኋላ ቆዳ ገዢ መጥቶ አባቷ ቆዳውን ከጓሮ ሲያወጣ፣ ጀርባው ላይ ባለው ቡናማ ምልክት ለየችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋ የሚባል በአፏ አልዞረም።

ባለቤቴ የመንዝ ልጅ ነው። «ሥጋ ያልበላ ልጅ አይጠነክርም፤ ይህ ቅብጠት ነው» ይላል። ጾሙ ከገባ ወዲህ ሁላችንም አንድ ዓይነት ስለምንበላ ቤቱ ሰላም ሆኗል። የምፈራው ገናን ነው። አማቴ ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ፤ ባለቤቴ በግም ዶሮም ሊገዛ አስቧል። ልጅቷን ለማስደሰት ብለን በበዓሉ ማግስት አንበሳ ልናሳያት እንደሆነ ብንነግራት «የታሰረ አንበሳ አላይም» አለችን። አስገድጄ ላብላት ወይስ ልተዋት? በጉ ይቅር ብዬ ከባለቤቴ ጋር ልጋጭ? ሥጋ እየበላሁስ ለእንስሳት መራራትን ላስተምራት እችላለሁ?

ግራ የገባት እናት

መልስ

እህቴ፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ በጉ መታረድ የጻፉትን ሳይሆን ምሳ ላይ ጥብሱን መብላቷን ነው። አምስት ቀን በእጇ የመገበችውን እንስሳ፣ ገጠር ከእናቱ ጋር ነው ብላ እያመነች በላችው። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ሥጋ ከየት እንደሚመጣ ጨርሶ አታውቅም ማለት ያስቸግራል። ቀደም ባሉት በዓላትም በግ ታርዷል፤ እሷም በልታለች። የእንቁጣጣሹን ቀን የተለየ ያደረገው እናቷ የነገረቻት ነገር ነው። ስለዚህ አሁን ሳህኑን ገፋ ስታደርግ ለበጉ ማዘኗን ብቻ ሳይሆን፣ የምታቀርቡላት ምን እንደሆነ ልታምናችሁ አለመቻሏንም እየነገረቻችሁ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ሐዘን እርስዎ ሊያጠፉላት አይችሉም፤ ሊያጠፉትም አይገባም። ሁለተኛውን ሊያድን የሚችል ግን ከእርስዎ በቀር ማንም የለም።

ይህን ደግሞ እስከ ገና ማቆየት አያስፈልግም። ገበታው ላይ የሚያጣላ ነገር ስለሌለ ጾሙ ጥሩ ጊዜ ሰጥቶዎታል። ብቻችሁን በምትሆኑበት ሰዓት፣ ፀጉሯን ሲሠሯት ይሁን ከትምህርት ቤት ሲመልሷት፣ ሳያዞሩ ይንገሯት፦ «ድንቡሼ ገጠር አልሄደም። ታርዶ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። እንዳታዝኚ ብዬ ዋሸሁሽ፤ አንቺም ሳታውቂ በላሽ። እንዲህ ማድረግ አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።» እዚያው ላይ ይቁሙ። «ነገር ግን ሁሉም ሰው ሥጋ ይበላል» ወይም «እግዚአብሔር እንስሳትን የፈጠረው ለእኛ ነው» የሚል ተቀጥላ አይጨምሩበት። ይቅርታ ስለተጠየቀች ሥጋ መብላት ትጀምራለች ብለውም አይጠብቁ። ከጠበቁ ታውቅብዎታለች፤ ይቅርታውም ማባበያ ሆኖ ይቀራል። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል፤ ምናልባት ዝም ብላ ተነሥታ ትሄድ ይሆናል። ሁለቱንም ይቀበሏት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ይግቡላት፤ ከእንግዲህ ገበታ ላይ የቀረበው ምን እንደሆነ በጠየቀች ቁጥር እውነቱ ይነገራታል።

አስገድዶ ማብላት ለሚለው መልሴ አጭር ነው። አይሆንም። እየተናነቃት የዋጠችው ሥጋ አያጠነክራትም። ከዚህ የምትማረው ነገር ቢኖር፣ ጉልበት ያለው ሰው እምቢ ያለችውን ነገር በአፏ ሊከት እንደሚችል ነው። ይህን ደግሞ ለሴት ልጁ ማስተማር የሚፈልግ አባት ያለ አይመስለኝም።

የአባቷ ስጋት ግን እንዲሁ የሚታለፍ ስላልሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ የፍልሰታን 15 ቀን፣ አሁን የያዝነውን የነቢያት ጾምና ሌሎቹን ደምረን ስናይ፣ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ውስጥ 180 ቀን ያህልና ከዚያም በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። የመንዝ ገበሬ ሲያርስ የኖረው የዓመቱን ግማሽ ሽሮና ምስር እየበላ ነው። ከሥጋ የምናገኘው ፕሮቲን በምስር፣ በአተር፣ በሽምብራና በባቄላም አለ። ጥራጥሬው ከእንጀራ ጋር ሲበላ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ብረት በጤፍ፣ በምስርና በጎመን ውስጥ ይገኛል። እርግጥ ነው፣ ከዕፅዋት የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን ከሥጋው ብረት ባነሰ መጠን ነው የሚወስደው። ስለዚህ ምግቧ ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፤ ቲማቲም ወይም ብርቱካን አብሮ ይቅረብላት፤ ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጣ። ከዕፅዋት የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው። እሱን ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከእርጎና ከአይብ ታገኛለች። እርስዎ ሥጋ ተወች ብለው ጻፉልኝ እንጂ እንቁላልና ወተት ተወች አላሉኝም። እነዚህን እስከበላች ድረስ ሥጋ ባለመብላቷ ብቻ አትጎዳም። እነሱንም ከተወች ቢ12 በሐኪም ምክር ለብቻው መውሰድ ይኖርባታል። ከገረጣች፣ ወይም እንደ ወትሮዋ መሮጥና መጫወት ከደከማት የደም ምርመራ ያሠሩላት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወር አበባ ስትጀምር የብረት ፍላጎቷ እንደሚጨምርም አይርሱ።

የትንሹ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። የእህቱ ውሳኔ በእሱ ላይ አይሠራም። ጾሙም አይመለከተውም፤ በቤተ ክርስቲያኗ ልማድ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጾምም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት እንደ እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ ያሉ ምግቦችን በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ሆዱ ትንሽ ነው፤ ሰውነቱና አእምሮው ደግሞ በፍጥነት ያድጋሉ። በጾም ወራት የቤቱ ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ ሕፃናት እንቁላልና ወተት የሚነፈጉበት ቤት ጥቂት አይደለም። እባክዎ፣ ለእሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት ለይተው ያስቀምጡ። እህቱ ከጠየቀች «እሱ ገና ሕፃን ነው፤ ሰውነቱ እስኪጠነክር እኛ እንመርጥለታለን፤ ሲያድግ እንደ አንቺ ሐሳቡን ይነግረናል» ይበሏት። ይገባታል።

ወደ ባለቤትዎ ልመለስ። «ቅብጠት ነው» ስላሉ አይፍረዱባቸው። መንዝ የበግ አገር ነው፤ በግ መካከል ያደገ ሰው በግን ከከተማ ልጅ በበለጠ ያውቀዋል፣ ይወደዋልም። በልጅነቱ ሥጋን በበዓል በበዓል ብቻ የቀመሰ አባት ደግሞ ለልጆቹ ሙሉ በግ ገዝቶ ወደ ቤት ሲገባ የልፋቱን ፍሬ ያየ ይመስለዋል። ልጁ ሳህኑን ስትገፋ ተገፋሁ የሚለው እሱ ነው። ይህን ለልጅቷ ይንገሯት፤ አባቷ በጉን ያመጣው ስለሚወዳት እንደሆነ ማወቅ ይገባታል። ለባለቤትዎ ደግሞ የሚወዱት ሥራ ይስጧቸው። በእረኝነት አድገው ከሆነ፣ ግልገል በውርጭ ሌሊት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የታመመ በግ በምን እንደሚለይ፣ እናቲቱ ልጇን ከመንጋው መካከል እንዴት እንደምታውቅ ይተርኩላት። ስለ በግ የሚያወራ አባትና ስለ በግ የምታስብ ልጅ የሚነጋገሩበት አያጡም። እስካሁን የተነጋገሩት ስለ ጥብሱ ብቻ ስለሆነ ነው የተጣሉት።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልምጣ። እኛ ወላጆች ከልጆች የምንሰውረው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዕድሜያቸው እስኪደርስ የምናቆየው ነው። ሌላው ቢያዩት የምናፍርበት ነው። በጉ ሲታረድ ልጅዎ እንድታይ አለማድረግዎ ከመጀመሪያው ይመደባል፤ ማየት የማትፈልግ ልጅ ማየት የለባትም። ነገር ግን ልጅቷ ነገ «ድንቡሼ ከአገሩ እስከ ቤታችን የመጣው በምን ነበር?» ብላ ብትጠይቅዎት መልሱ ከየትኛው ይመደባል?

በጉ እግሩ ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወይም ከሌሎች ጋር ተደራርቦ በአይሱዙ ላይ፣ ውኃ ሳይቀምስ ይመጣል። ገበያ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ከሾላም ይሁን ከካራ ገዝተን ስንመለስ በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዘጋበታለን፤ ወይም የኋላ እግሮቹን ወደ ላይ አንሥተን በፊት እግሮቹ ብቻ እየገፋን አስፋልት እናሻግረዋለን። ዶሮዎች ደግሞ እግራቸው በአንድ ገመድ ተጠፍሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥለው ከበር ወደ በር ይዞራሉ። ዶሮ እንደ እኛ ደረትን ከሆድ የሚለይ ድያፍራም የላትም፤ ቁልቁል ስትንጠለጠል የሆድ ዕቃዋ መተንፈሻዋን ይጫነዋል። ያን ሁሉ ሰዓት አየር እያጠራት ነው ማለት ነው። ይህን የሚያዝዝ ሃይማኖት የለም። ይህን የሚጠይቅ በዓልም የለም። ስለለመድነው ብቻ አናየውም፤ ልጆች ግን ገና ስላልለመዱት ያዩታል።

በእኔ እምነት የበዓል እንስሳ ትልቁ መከራ ቢላዋው አይደለም። በሰላ ቢላዋ በሚያውቅ እጅ የታረደ በግ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። መንገዱና ገበያው ግን ቀናት ይፈጃሉ። ስለዚህ «በጉ ይቅር» ብለው ከባለቤትዎ ጋር እንዲጋጩ አልመክርዎትም፤ «በጉ እንዲህ አይምጣ፣ እንዲህም አይያዝ» ብለው ግን ይቁሙ። በመጀመሪያ መጠኑን ተነጋገሩበት። በግም ዶሮም የግድ ነው? ከጎረቤት ጋር አንዱን በግ ለሁለት መካፈል አይቻልም? አንዳንድ ቤት በዓሉ ካለፈ በኋላ ተበላሽቶ የሚጣለው ሥጋ ያሳዝነኛል፤ ሞቶም ከንቱ መቅረት ከሁሉ የከፋ ነው።

ከገዛችሁ ደግሞ በክፍት መኪና፣ ወለሉ ላይ ገለባ ተነጥፎለት ቆሞ ይምጣ፤ ለጭነት የሚጨመረው ብር ከበጉ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው። በግ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን ሲታሰር ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ ጎረቤትም ገዝቶ ከሆነ አብረው ይዋሉ፣ አብረው ይደሩ። ጥላ ይኑረው፤ ገመዱ መተኛትና መዞር የሚያስችል ይሁን። የመጨረሻዋን ሌሊት መኖ ቢከለከል ምንም አይደለም፤ ውኃ ግን እስከ መጨረሻው ከፊቱ አይነሣ። ቢላዋው አስቀድሞ፣ በጉ በማያይበት ይሳል። ሌላ እንስሳ እያየ አይታረድ። የሚያርደው ልምድ ያለው ሰው ይሁን፤ ነፍሱ ፈጽማ ሳትወጣ ማንም ቆዳውን እንዳይጀምር። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ቢላዋ እንዲሳልና እንስሳው እንዳይሰቃይ ማዘዛቸው በሐዲስ ይነገራል። ሙስሊም ጎረቤት ካለዎት ለዓረፋ እንዴት እንደሚያደርጉ ይጠይቋቸው፤ ብዙ የሚማሩት ያገኛሉ። ዶሮዋ ከተገዛች በቅርጫት ወይም ክንፎቿን ሰብሰብ አድርጎ በሁለት እጅ ደረት ላይ ይዞ መምጣት ይቻላል። ይህንን አማትዎ ያውቁታል፤ በገጠር ሴት ልጅ ዶሮዋን ብብቷ ሥር አቅፋ ነው ገበያ የምትወስደው።

በጉ ግቢያችሁ እንዲገባ ወይም ሌላ ቦታ እንዲታረድ ልጅቷን ይጠይቋት። «አይምጣ» ካለች ቄራ አሳርዶ ማምጣት ይቻላል፤ ከሥጋ ቤት ኪሎ ተገዝቶ መግባትም ይችላል። «ይምጣ» ካለች ግን የት እንደሚሄድ እያወቀች ትመግበው። እያወቁ ማዘን ከባድ ቢሆንም ሳያውቁ ከመብላት ይሻላል።

ስለ እንቁላል አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ልጅዎ እንቁላል ዋነኛ ምግቧ ከሆነ፣ ከየት እንደሚመጣም መጠየቋ አይቀርም። በብዙ አገሮች እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ክንፋቸውን መዘርጋት በማይችሉበት ጠባብ የሽቦ ቤት ይኖራሉ። የአውሮፓ ኅብረት የዚህን ዓይነት ምንም ነገር የሌለበት ጠባብ ሽቦ ቤት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። እኛ አገር የአብዛኛው የገጠር ዶሮ ሕይወት በግቢ ውስጥ እየጫረች ነው፤ በከተሞች ዙሪያ ያሉ ዘመናዊ እርባታዎች ግን እየበዙ ነው። እንቁላል ሻጭዎን «ዶሮዎቹ መሬት ላይ ናቸው ወይስ በሽቦ ቤት?» ብለው ይጠይቁ። ገዢ ሲጠይቅ ሻጭ ማሰብ ይጀምራል።

«ሥጋ እየበላሁ ርኅራኄን ላስተምራት እችላለሁ?» ብለው ጠይቀዋል። ይችላሉ። መጽሐፈ ምሳሌ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል፤ ይህ የተነገረው በግ ያርድና ይበላ ለነበረ ሕዝብ ነው። ኦሪት የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ትላለች፤ የሰንበትን ዕረፍትም ለበሬውና ለአህያው ጭምር ሰጥታለች። አራሽ በሬውን በስሙ ይጠራዋል፤ እየዘፈነለት ያርሳል። ሥጋ ስለምበላ አፌን ልዝጋ ብለው ዝም ቢሉ ለእንስሳቱ የሚተርፋቸው ነገር የለም። ልጅዎ ግን አንድ ቀን አፍ አውጥታ «ታዲያ ለምን ትበያለሽ?» ትልዎታለች። ያን ጊዜ ጥቅስ እየጠቀሱ አፏን አያስይዟት። «እኔ እበላለሁ፤ ብዙ ሰው ይበላል፤ የማይበሉም ጥሩ ሰዎች አሉ። እኔም አንዳንድ ጊዜ ያስጨንቀኛል፤ ለዚህ ነው እንስሳው ሳይሰቃይ እንዲኖር የምፈልገው» ይበሏት። የተሟላ መልስ አይደለም። ግን እውነተኛ ነው፤ ያጣችውም እሱን ነበር።

አንበሳውስ? አዲስ አበባና አንበሳ የቆየ ትስስር አላቸው። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ በ1948 እ.ኤ.አ. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲቋቋም የተነሣው በሰባት አንበሶች ነው፤ አምስቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ሴቶች። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ከዚሁ ግቢ የ15 አንበሶችን ናሙና መርምሮ፣ ጋማቸው የጠቆረው እነዚህ አንበሶች በጥናቱ ከተነጻጸሩት ሌሎች አንበሶች በዘር የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አንድነት ፓርክም አንበሶችን ያሳያል። ስለዚህ እንስሳ በአጥር ውስጥ የሚኖርበት ምክንያት ሁሉ ጭካኔ ነው ማለት አይቻልም፤ ዘሩ እንዳይጠፋ የሚጠበቅ አለ፣ ወደ ዱር ሊመለስ የማይችልም አለ። ይህን ለልጅቷ መንገር ተገቢ ነው። እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ዘሩ አይደለም፤ ስለዚያ አንድ አንበሳ ነው። ለእሱ ደግሞ አጥሩ አጥር ነው።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዘንድሮ አልወስዳትም ነበር። ገና ያልደረቀ ሐዘን አለባት፤ የበዓል መዝናኛም የክርክር መድረክ መሆን የለበትም። ወደፊት ራሷ ለማየት ከፈለገች፣ እንዴት እንደሚታይ ያስተምሯት። አንበሳው በአንድ መስመር ብቻ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ከዋለ ጤነኛ መዝናናት አይደለም፤ መጨነቁን የሚያሳይ ምልክት ነው። ጥላና ውኃ አለው? ሰው እንዳያየው ገለል የሚልበት ቦታስ? ጎብኚው እንዲያገሣለት ድንጋይ ይወረውርበታል ወይስ ጠባቂ ይከለክላል? እነዚህን አይታ የምትመለስ ልጅ ከፎቶግራፍ የበለጠ ነገር ይዛ ትመለሳለች።

ከሆለታ አቅራቢያ እንሰሳኮቴ የሚባል ማዕከል አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው ሲሆን፣ ከሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎችና በሰንሰለት አስረው ከያዟቸው ሰዎች የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ይኖሩበታል። አስቀድሞ ቀጠሮ ይዞ መጎብኘት ይቻላል፤ እዚያ ያለው አንበሳ ለምን በአጥር ውስጥ እንዳለ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ልጅዎን የሚያሳምን ይመስለኛል።

ከሁሉም የምመርጥላችሁ ግን ደብረ ሊባኖስን ነው። አማትዎም ይሳለማሉ፤ ልጆቹም ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ያያሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ከዝንጀሮ ዘሮች ሁሉ ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። መንጋው ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር ሲነጭ ማየት ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ድንቅ ነው። ዳቦና ሙዝ እንዳትወረውሩላቸው ብቻ፤ ሰው የለመደ ዝንጀሮ መጨረሻው በድንጋይ መባረር ነው። ሩቅ ከሆነባችሁ የቢሾፍቱ ሐይቆች ወፎች አሉ። ሰርከስም አለ። የኢትዮጵያ ሰርከሶች ሲነሡም ጀምሮ ትርኢታቸውን የሚያሳዩት በሰው ችሎታ ብቻ ነው፤ እንስሳ የሚያስገድዱበት ነገር የለም። በበዓል ሰሞን የሚከራዩትን ፈረሶች በተመለከተ፣ ከኮርቻው በታች ያለውን ጀርባ ይዩ፤ የቆሰለ ከሆነ ልጅ አይቀመጥበትም፤ ገንዘብም አይከፈልበትም።

የገና ዕለት ገበታው ላይ ልጅቷ የጾሙ ሽሮ ተርፎ የሚቀርብላት እንዳትሆን አደራ። በዓል የእሷም ነው። የዶሮው ቁሌት በበርበሬና በቅቤ ከበሰለ በኋላ፣ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ጥቂቱን ወደ ሌላ ድስት ይገልብጡላትና የተቀቀለ እንቁላል ይጨምሩበት። አይብና ጎመንም ከጎኑ ይሁን። አማትዎን ከመድረሳቸው በፊት በስልክ ያነጋግሯቸው፤ «የልጅ ልጅዎ ለእንስሳ ልቧ ሳስቷል፤ በገበታ ላይ እንዳይነሣባት እርስዎ ይጠብቁልኝ» ቢሏቸው ጠባቂዋ ይሆናሉ። ሌሎቹ ዘመዶች አጥንት እያነሡ «ይኸውልሽ ድንቡሼ» እንዳይሏት ባለቤትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። ይህ የእሳቸው ድርሻ ነው፤ አባቷ ስለ እሷ ሲናገር መስማት ያስፈልጋታል። እሷም በበኩሏ የሌላውን ሳህን እያየች እንዳትጸየፍና እንግዳ እንዳታሳፍር ይንገሯት። ያከበሯትን ማክበር ትችላለች።

ከወራት በኋላ ድንገት ቁራሽ ሥጋ አንሥታ ልትበላ ትችላለች። ያን ቀን ማንም «አላልኳችሁም?» አይበል፤ ማንም አያጨብጭብ። ሳትበላ ከቀረችም ቤቱ እንደተለመደው ይቀጥል። ለፋሲካ በግ ከመገዛቱ በፊት ግን እንደገና ይጠይቋት፤ ከገና እስከ ፋሲካ ሦስት ወር ያህል አለ፣ በእሷ ዕድሜ ደግሞ ሦስት ወር ሐሳብ የሚለወጥበት ረጅም ጊዜ ነው።